ሂካ የተባለው ልጅ፤ የኦነሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

እግዚአብሔር ለሰው የሚናገረው እንዴት ነው? ክርስቲያኖች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ብዙ ነው። ሙሴ ከሚነደው ቁጥቋጦ መካከል ሰማ፤ ዮሴፍ በሕልሙ ተነገረው። ትንሹ ሳሙኤልማ ሌሊት በስሙ ሲጠራ የጠራው ሽማግሌው ካህን ዔሊ መስሎት ሮጦ ሄደ። ድምፁ ከሚያውቀው ሰው ድምፅ አልተለየበትም ማለት ነው። በበዓለ ሃምሳም ኢየሩሳሌም ውስጥ የተሰበሰበው ሕዝብ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ እንጂ መጀመሪያ ሌላ ቋንቋ ተማር የተባለ የለም። ታዲያ ቃሉ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ብቻ ቢነበብለት ተናገረው ይባላል ወይ? በዚህ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ የደከመውን ኦነሲሞስ ነሲብን ዛሬ ለአንባብያን እናስተዋውቃለን። ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦነሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ አሉት፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ሰርቀው ወሰዱት። ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ከአገሩ ርቆ ምጽዋ ደረሰ። እዚያም ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣውና ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ስፍራ ትምህርት ቤት ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰጠው።

ልጁ ትምህርት ወዳድ ሆነ። መጋቢት 31 ቀን 1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው። ጳውሎስ ያን ባሪያ ጌታው እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለምኖለታል። እንግዲህ ስሙ ለሂካ እንዴት እንደሚስማማ ልብ በሉ።

ቀጥሎም ወደ ስዊድን ተልኮ ስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው በዮሐንስሉንድ ለአምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ሲመለስ ምሕረት ኃይሉን አገባ። ወዲያውም በሱዳን በኩል አድርጎ ወደ ወገኖቹ አገር ለመግባት ከሌሎች ጋር ጉዞ ጀመረ። መንገዱ አልቀና አለ። በ1882 ካርቱም ተመልሶ በንዳድ ታመመ። በሸዋ በኩል የተደረገው ሁለተኛ ሙከራም አልሰመረም።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ራሱ በሩን ዘጋው ብሎ ይተወው ነበር። ኦነሲሞስ ግን እኔ መግባት ካልቻልኩ መጽሐፉ ይግባ ያለ ይመስል እምኩሉ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ።

እዚህ ላይ ግን ትልቅ ችግር ገጠመው። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነዋ! የሚያውቀው ኦሮምኛ ለዚህ ሥራ አልበቃው አለ። ይህን ጉድለት የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርም እንደ እሱ ተሽጣ ቀይ ባሕርን ስታቋርጥ በ1886 ጣልያኖች መርከቡን ይዘው ነፃ አወጧትና እምኩሉ ገባች። ቋንቋዋን ጠንቅቃ ታውቅ ስለነበር ቃላት እየለቀመች መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ከትርጉሙም ሥራ ተካፈለች። አምስት መቶ ያህል የአገሯን ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌዎችም ጻፈች። አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ታተመ። በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ተከተለ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው።

እኛን እጅግ የሚያስደንቀን ይህ ነው። ያን ቃል ወደ ቋንቋቸው የመለሱት ሊቃውንት ተብለው የተሾሙ ሰዎች አይደሉም። በገበያ ዋጋ የወጣላቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው።

በመጨረሻ በ1904 ኦነሲሞስ ወለጋ ገባ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሉት። ትምህርት ቤት ከፍቶ በኦሮምኛ ማስተማርና መስበክ ጀመረ። የአካባቢው ካህናት ግን ተቃወሙት፤ ከሰሱት። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ከአገር እንዲወጣ ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ሆኖም እንዳይሰብክ አዘዙ።

ሰባኪ ሰው አትስበክ ሲባል ምን ይሠራል? ኦነሲሞስ ማስተማሩን ቀጠለ። ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን ቤቱ ወስዶ ለእናቱ ማንበብ ይችላል። እናቲቱም አስተርጓሚ ሳትፈልግ ትሰማለች። የሰባኪውን አፍ መዝጋት ይቻል ይሆናል፤ ማንበብ የተማረን ልጅ ግን የተማረውን እርሳ ማለት አይቻልም። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቀዱለት። ኦነሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምቴ ላይ አረፈ።

እምነቱን የሚቀበልም የማይቀበልም ጓደኛ በመካከላችን ይኖራል። እሱን እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ይነጋገርበት። ለእኛ ለእጩ መምህራን ግን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ነገ ጠመኔ ይዘን ልጆች ፊት ስንቆም የምንናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ካልገባው ግን ገና አልተናገርነውም። ደግሞም ኦነሲሞስ የጎደለውን ቃል አስቴርን ጠይቋል። እኛስ የምንሄድበትን አካባቢ ቋንቋ ከተማሪዎቻችን እናቶች ለመጠየቅ እናፍር ይሆን?