ለአዲስ ቡድን የሚበቃው ከተማ የትኛው ነው? የብራንች ሪኪ የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ሳይንስ ሊቃውንት ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማቅረብ የመረጥሁት ዕድሜውን በስፖርት አስተዳደር ሥራ የፈጸመውን የአሜሪካዊውን የብራንች ሪኪን ታሪክ ነው። ይህ ሰው ጥቁሩን ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰንን በ1947 ወደ ታላቁ የቤዝቦል ሊግ በማስገባቱ ስሙ በብዙ አገር የታወቀ ነው። እኔ አስፍቼ ልገልጸው የምፈልገው ግን በስተርጅናው የተነሣበትን ሌላ ጥያቄ ነው። ይኸውም አዲስ ታላቅ ቡድን ተቀብሎ ለማኖር የሚችለው ከተማ የትኛው ነው? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ቤዝቦል በእኛ ዘንድ እንደ እግር ኳስ የተለመደ ስላልሆነ አስቀድሜ ጥቂት ላስረዳ። እያንዳንዱ ቡድን 9 ተጫዋቾችን ያሰልፋል። ከአንደኛው ወገን አንዱ ትንሽ ኳስ ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን የመጣው መቺ ደግሞ ኳሷን በእንጨት ዱላ መትቶ ይሮጣል። በሜዳው ላይ የተለዩትን አራት ቦታዎች ዞሮ ከፈጸመ ለቡድኑ ነጥብ ያስገኛል። አንድ ታላቅ ቡድን በዓመት ከ150 የሚበልጥ ጨዋታ ያደርጋል፤ ከዚህም እኩሌታው በገዛ ከተማው ነው። ስለዚህ ከተማው አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ወራቱን ሙሉ ብዙ ሺህ ተመልካች ማቅረብ አለበት። የከተማው ጥያቄ ከባድ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብራንች ሪኪ በዲሴምበር 20 ቀን 1881 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ሃይማኖተኞች ስለ ነበሩ ሰንበትን እንዲያከብር አስተምረው አሳደጉት። በተጫዋችነቱም ሆነ በአሠልጣኝነቱ ዘመን እሑድ ቀን ወደ ሜዳ አይወጣም ነበር። ገና በወጣትነቱ የገጠር ተማሪ ቤት አስተማሪ ሆነ፤ ቀጥሎም ኦሃዮ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያ የኮሌጁን ቡድን ይመራ በነበረበት ጊዜ ቡድኑ ለጨዋታ ወደ ሳውዝ ቤንድ ከተማ ሄደ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ቻርልስ ቶማስ ጥቁር ስለ ነበረ ሆቴሉ አላሳድርም አለው። ሪኪ ተከራክሮ በራሱ ክፍል ውስጥ ተጨማሪ አልጋ አዘርግቶ አሳደረው። ያ ወጣት በዚያች ሌሊት በቆዳው ቀለም ምክንያት ያለቀሰው ልቅሶ ከአእምሮው እንዳልጠፋ ሪኪ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይናገር ነበር።

ሪኪ በተጫዋችነቱ ዝነኛ አልነበረም። ሥራው ከመቺው በስተኋላ ሆኖ ኳስ መያዝ ነበር፤ ነገር ግን በ1907 ክንዱ ታሞ በተጫወተበት አንድ ቀን የባላጋራው ቡድን ሯጮች 13 ጊዜ አምልጠውታል። በ1909 የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ጨዋታውን ትቶ ታከመ። ከዚያም በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርቱን በ1911 ፈጸመ። ጠበቃ ለመሆን ወደ ምዕራብ ሄዶ በቦይዚ ከተማ ቢሮ ቢከፍትም ሥራው ስላልቀናው ወደ ቤዝቦል ተመለሰ።

በሴንት ሉዊስ ከተማ የካርዲናልስ ቡድን ኀላፊ ሆኖ ሲሠራ ቡድኑ ድኻ ነበር። ሀብታሞቹ ቡድኖች የታወቁትን ተጫዋቾች በገንዘብ ሲገዙ እርሱ ከነርሱ ጋር ለመወዳደር አልቻለም። ስለዚህ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ የነበሩትን ዝቅተኛ ቡድኖች እየገዛ ወይም እየተዋዋለ፣ ወጣቶችን ከሥር ጀምሮ የሚያሠለጥንበትን ዘዴ አበጀ። ይህም እንደ ችግኝ ማፍያ ስለ ነበረ አሜሪካኖች እርሻ ብለው ጠሩት። የቡድኖቹ ቍጥር ውሎ አድሮ ከ30 በላይ ደረሰ። ካርዲናልስም በ1926፣ በ1931፣ በ1934 እና በ1942 የዓለም ዋንጫ ብለው የሚጠሩትን የፍጻሜ ውድድር አሸነፈ።

ይሁን እንጂ ዘዴው ነቀፋ አላጣውም። የትንንሾቹ ከተሞች ቡድኖች በሩቅ ለሚገኝ ጌታ የሚሠሩ ሆኑ፤ ጥሩ ተጫዋች በተገኘ ጊዜ ከከተማው ሕዝብ ፊት ተነጥቆ ይሄድ ነበር። በ1938 የቤዝቦሉ የበላይ ዳኛ ላንዲስ ደንብ ተጥሷል ብሎ ከሪኪ ተጫዋቾች ብዙዎቹን ነፃ ለቀቀ። እኔም ይህን የምጠቅሰው በኋላ ለተረሱ ከተሞች የተከራከረው ሰው አስቀድሞ የትንንሽ ከተሞችን ቡድኖች ያሰረ መሆኑ መዘንጋት ስለማይገባው ነው።

በ1942 መጨረሻ ሪኪ በኒው ዮርክ የብሩክሊን ዶጀርስ ቡድን መሪ ሆነ። በዚያ ጊዜ ጥቁሮች በታላቁ ሊግ እንዳይጫወቱ የተጻፈ ሕግ ሳይኖር ለብዙ ዘመን ተከልክለው ነበር። ሪኪ በ1945 ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈርሞ በ1946 በካናዳ ወደሚገኘው ወደ ሞንትሪያል ቡድን ላከው። በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሮቢንሰን ለብሩክሊን ተጫወተ። ስድቡንና ዛቻውን በትዕግሥት ችሎ በሥራው አሸነፈ። በዚህም ታሪክ ቢሆን ሪኪ ሮቢንሰን ይጫወትበት ለነበረው የጥቁሮች ቡድን ምንም ካሣ አለመክፈሉ የሚያስወቅሰው ነው። ከብሩክሊን በኋላ እስከ 1955 ድረስ የፒትስበርግን ቡድን መራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከ1903 እስከ 1952 ድረስ በታላላቆቹ ሁለት ሊጎች የነበሩት 16 ቡድኖች አንድም ጊዜ ከተማ አልለወጡም። ሁሉም በ10 ከተሞች ብቻ ተከማችተው ነበር፤ ወደ ምዕራብ የመጨረሻው ሴንት ሉዊስ ነበር። ተጫዋቾች በባቡር ስለሚጓዙ ከዚያ ማለፍ አስቸጋሪ ነበረ። የአሜሪካ ሕዝብ ግን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ይፈልስ ነበር፤ አውሮፕላንም ርቀቱን አሳጠረው።

በ1953 የቦስተኑ ብሬቭስ ወደ ሚልዋኪ ተዛወረ። ይህ ቡድን በ1952 በቦስተን ያገኘው ተመልካች 281 ሺህ ያህል ብቻ ነበር፤ በሚልዋኪ ግን በመጀመሪያው ዓመት ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ሕዝብ መጣለት። ሌሎች ባለቤቶችም ይህን አይተው ዐይናቸውን ወደ አዳዲስ ከተሞች ጣሉ። በ1957 የብሩክሊን ዶጀርስና የኒው ዮርክ ጃያንትስ ወደ ካሊፎርኒያ መሄዳቸው ተነገረ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለበት ኒው ዮርክ በአንድ ዓመት ሁለት ቡድኖች አጣ፤ የቀረለትም አንድ ብቻ ሆነ። ልጅ ከአባቱ ጋር ሲደግፈው የኖረው ቡድን በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ሲነሣ ሕዝቡ የሚከለክልበት ሥልጣን አልነበረውም።

የኒው ዮርክ ከንቲባ ሮበርት ዋግነር አዲስ ቡድን እንዲያመጣ ጠበቃውን ዊልያም ሼይን ሾሙት። ሼይ በመጀመሪያ ከሌላ ከተማ ቡድን ለማምጣት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ባለቤቶቹም አዲስ ቡድን አንጨምርም አሉ። በዚህ ጊዜ ሦስተኛ ታላቅ ሊግ የማቋቋም ሐሳብ ቀረበ። በ1959 ኮንቲኔንታል ሊግ የተባለው ማኅበር ሲመሠረት ሪኪ በ77 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ለአንድ ከተማ የተጠየቀው ቃል ኪዳን እንዲህ ነበር። የቡድኑ ባለቤቶች ለሊጉ 50 ሺህ ዶላር ይከፍላሉ፤ ከሜዳው ወጪ ሌላ 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር ለሥራ ያዘጋጃሉ፤ ሜዳውም ቢያንስ 35 ሺህ ተመልካች የሚይዝ መሆን አለበት። ሪኪ ከዚህ በላይ ያሰበው ነገር የቴሌቪዥን ገቢ ለቡድኖቹ እንዲከፋፈል ነበር። ትልቁ ከተማ ብቻውን ከበለጸገና ትንሹ ከተማ ሁልጊዜ ከተሸነፈ ውድድር የለም፤ ውድድርም ከሌለ ተመልካች አይመጣም ብሎ ያምን ነበር። ይህ አሳብ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ ያስታውሰኛል።

በመጀመሪያ የተመረጡት ኒው ዮርክ፣ ሂዩስተን፣ ዴንቨር፣ ቶሮንቶ እና መንትዮቹ ከተሞች ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ነበሩ። በኋላም አትላንታ፣ ባፋሎ እና ጎረቤታሞቹ ዳላስና ፎርት ዎርዝ ተጨመሩ። ዕቅዱ በ1961 ጸደይ ጨዋታ ለመጀመር ነበር። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ሁሉ በነባሮቹ ቡድኖች ውል የታሰሩ ነበሩ። ይህን እስራት ለማላላት ሴናተር ኪፎቨር ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ሕግ በ1960 ሳይጸድቅ ወደ ኮሚቴ ተመለሰ። ነባሮቹ ባለቤቶችም ነገሩ ተመልሶ እንዳይነሣ ስለ ሠጉ፣ ሊጉ ከፈረሰ ከከተሞቹ አራቱን እንቀበላለን አሉ። በኦገስት 2 ቀን 1960 በቺካጎ በተደረገ ስብሰባ ኮንቲኔንታል ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ፈረሰ።

ሥራው ከንቱ ቀረ ማለት ግን አይቻልም። በ1961 የዋሽንግተን ቡድን ወደ ሚኒሶታ ሄደ፤ ለዋሽንግተንና ለሎስ አንጀለስም አዲስ ቡድን ተሰጠ። በ1962 ኒው ዮርክና ሂዩስተን ተጨመሩ። አዲሱ የኒው ዮርክ ቡድን ሜትስ በመጀመሪያው ዓመት 120 ጊዜ ተሸነፈ፤ ሆኖም ከ900 ሺህ በላይ ሰው መጥቶ ተመለከተው፤ በ1969 ደግሞ የዓለም ዋንጫውን አገኘ። ሂዩስተን ሙቀትና ትንኝ ቢያስቸግራት በ1965 ጣራ ያለው ታላቅ ሜዳ ሠራች። አትላንታ በ1966፣ የዳላስ አካባቢ በ1972፣ ቶሮንቶ በ1977 ቡድን አገኙ። ዴንቨር እስከ 1993 ድረስ ጠበቀች፤ በዚያውም ዓመት ከ4 ሚሊዮን 480 ሺህ በላይ ተመልካች በማቅረብ ከዚያ በፊት ያልታየ ቍጥር አስመዘገበች። ሪኪ በ1959 ትችላለች ያላት ከተማ ከ34 ዓመት በኋላ መቻሏን አሳየች።

ከስምንቱ ሳትመረጥ የቀረችው ባፋሎ ብቻ ናት። ከተማዋ ከ1988 ጀምሮ በዝቅተኛ ሊግ ቡድኗ ለስድስት ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ ሜዳ አመጣች፤ ግን አልተጠራችም። ሲያትል በ1969 ሜዳዋ በሚገባ ሳይዘጋጅ ቡድን ተቀብላ ባለቤቶቹ ስለ ከሰሩ በዓመቱ አጣችው። ሮቢንሰንን ያጨበጨበችለት ሞንትሪያልም በ1969 ያገኘችው ቡድን ከ2004 በኋላ ወደ ዋሽንግተን ሄደባት። እንግዲህ ሕዝብ ብቻውን አይበቃም፤ ሜዳ ብቻውንም አይበቃም። በእኔ አስተያየት ለአንድ ከተማ የሚያስፈልጉት ታማኝ ተመልካች፣ በጊዜው የተዘጋጀ ሜዳ፣ ሽንፈትን የሚታገሥ ባለቤትና ገቢን በትክክል የሚያካፍል ማኅበር ናቸው። የቡድኖቹ ቍጥር በ1998 ወደ 30 ከደረሰ በኋላም እንደ ናሽቪልና እንደ ሶልት ሌክ ሲቲ ያሉ ከተሞች ይህንኑ ፈተና ለማለፍ ተነሥተዋል።

ብራንች ሪኪ በኖቬምበር 1965 በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በኮሎምቢያ ከተማ ንግግር በማድረግ ላይ ሳለ ወደቀ፤ በዲሴምበር 9 ቀንም አረፈ። በ1967 ስሙ በቤዝቦል የዝና አዳራሽ ተመዘገበ። ስለ ዴንቨርና ስለ ቶሮንቶ የተናገረው ሲፈጸም አላየም። እኛም ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ይመስለኛል። ሰው ያቀደው ማኅበር ቢፈርስበትም ጥያቄው ትክክለኛ ከሆነ ጥያቄው አይፈርስም፤ ሌሎች መልሱን እስኪሰጡ ድረስ እየተጠየቀ ይኖራል።