የባሕርን ሙላትና ሽሽት በማሽን የተነበየው ሎርድ ኬልቪን

ባሕር በብዙ ዳርቻዎች በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። ሰዓቱንና ከፍታውን ያላወቀ የመርከብ አዛዥ ከአሸዋ ወይም ከዓለት ጋር ሊላተም ይችላል። ይህን አድካሚ ስሌት ከሰው እጅ ወደ ማሽን ያሸጋገረው ዊልያም ቶምሰን ነው፤ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው።

ቶምሰን እአአ በ1824 በቤልፋስት ተወለደ። በስድስት ዓመቱ እናቱን አጣ። የሒሳብ መምህር የነበረው አባቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ግላስጎው ተሻገረ፤ ልጁም ገና በ10 ዓመቱ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ። በ22 ዓመቱ በዚያው ተቋም ፕሮፌሰር ሆኖ ለ53 ዓመታት አገለገለ።

እአአ በ1870 ባለቤቱ ሞተችበት። በዚያው ዓመት የሸራ መርከብ ገዝቶ ከባሕር ጋር ይበልጥ ተወዳጀ። የፈረንሳዊውን ላፕላስ መሠረት ይዞም ሙላቱ የጨረቃና የፀሐይ ስበት የሚፈጥራቸው የብዙ ዑደቶች ድምር መሆኑን ተነተነ። በ1872 እና 1873 የተሠራው ማሽኑ አሥር ዑደቶችን በጥርስ ጎማዎችና በመዘውር እየደመረ የአንድ ወደብን የዓመት ሙላት በሰዓታት ውስጥ በወረቀት ላይ ይሥል ነበር።

ኬልቪን አልተሳሳተም አይባልም። የምድርን ዕድሜ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ገምቶ ነበር፤ ዛሬ 4.5 ቢሊዮን ገደማ መሆኑ ይታወቃል። በ1907 አርፎ በለንደኑ ዌስትሚንስተር አቢ ከኒውተን አጠገብ ተቀበረ። በ1944 ለኖርማንዲ የጦር ዘመቻ ሙላቱን ያሰሉት የእርሱን መሰል ማሽኖች ነበሩ።

በ1992 የመጠቀችው የአሜሪካና የፈረንሳይ ሳተላይት ቶፔክስ/ፖሲዶን የውቅያኖሱን ገጽ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ በራዳር መለካት ጀመረች። ወደ አንድ ስፍራ የምትመለሰው ግን በ10 ቀን ገደማ አንዴ ነበር። ስለዚህ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው የሚመጣው የጨረቃ ሙላት በመረጃዋ ውስጥ የ62 ቀናት ዑደት መስሎ ይታይ ነበር። ሳይንቲስቶች እንቆቅልሹን የፈቱት የእያንዳንዱን ዑደት ርዝመት አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው፤ የኬልቪን ዘዴም የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ዛሬ ምርጥ ሞዴሎች በጥልቁ ውቅያኖስ የሚሳሳቱት በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው በሚሳሳበትና ዳርቻው በሚጠማዘዝበት ስፍራ ግን ስህተቱ ይሰፋል። መርከብ ከመሬት የሚላተመው ደግሞ እዚያው ነው። ወደቦች ዛሬም የራሳቸውን የውሃ ከፍታ መለኪያ ያልጣሉት ለዚህ ነው።