ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስና የደመወዝተኛ ሠራዊት ውጥናቸው

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ሲነሡ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የአገር አንድነት ሕልማቸው፣ የሴባስቶፖል መድፍና የመቅደላው ፍጻሜ ነው። ወታደሩን ከገበሬው ጎተራ አውጥተው በመንግሥት ደመወዝ ለማቆየት ያደረጉት ጥረት ያገኘው ትኩረት አነስተኛ ቢሆንም፣ የዘመነ መንግሥታቸው መውደቂያ ከዚሁ ጥረት ጋር የተያያዘ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ የተወለዱት ካሣ ኃይሉ የጦር መሪነትን የጀመሩት በሽፍትነት ነው። ተከታዮቻቸው በአዋጅ የተጠሩ ሳይሆኑ በፈቃዳቸው የመጡ ነበሩ። የሚመጡትም መሪው ደፋር፣ ምርኮ ሲያካፍልም ለጋስ ሆኖ ስላገኙት ነበር። በ1840 ዓ.ም ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው መሸነፋቸው ግን ጀግንነት ብቻውን በሥርዓት የሠለጠነና መድፍ የታጠቀ ጦርን እንደማይመክት አሳያቸው።

ካሣ ከኅዳር 1845 እስከ የካቲት 1847 ዓ.ም ባሉት ዓመታት ደጃዝማች ጎሹን፣ ራስ ዓሊንና ደጃዝማች ውቤን በየተራ ድል ነሥተው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ።

በዘመነ መሳፍንት ወታደሩ የጌታው ሰው እንጂ የንጉሡ ሰው አልነበረም። ቀለቡንም የሚያገኘው በገበሬው ቤት ተሠርቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡትን ወታደሮች በአንድ አዛዥ ሥር ቀላቅለው መደቡ፤ የአሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃና ሻለቃ የሚባሉትን ማዕረጎችም ሥርዓት አስያዙ። ማዕረጎቹ ዛሬም በአገሪቱ ሠራዊት ይሠራባቸዋል። ከዚህም ጋር ዝርፊያን ከልክለው በምትኩ ደመወዝ ለመክፈል ሞከሩ።

አስቸጋሪው ጉዳይ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ነበር። ጦሩ ብዙ፣ ግብሩ ግን ጥቂት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ ትርፉ መሬት ለገባር ይሰጥ የሚል ሐሳብ ያቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡ በ1848 ዓ.ም ከካህናቱ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ በ1852 ዓ.ም ገደማ በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ቅሬታው ወደ ጠላትነት ተለወጠ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማም ታስረው በመቅደላ በ1860 ዓ.ም አረፉ። የሠራዊቱን በጀት ለመሸፈን የታሰበው እርምጃ ንጉሡን ሕዝቡ ከሚሰማቸው ካህናት ጋር አጣላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተያያዥ ነው። ወሎ፣ ጎጃም፣ ላስታና ትግራይ ሸፈቱ፤ በ1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። ግብር የሚገባበት አገር ሲጠብብ ደመወዙም ተቋረጠ፤ ደመወዝ ያጣው ወታደር ወደ ዝርፊያ ተመለሰ፤ የተዘረፈው ገበሬም ከዐማፂው ጋር ቆመ። በ1859 ዓ.ም ጎንደር የተዘረፈችው በራሳቸው በንጉሡ ትእዛዝ ነው። የሚከዱትን ለማስቆም የተወሰደው የጭካኔ ቅጣት ደግሞ ክዳቱን አባባሰው እንጂ አላስቆመውም። በገናናነቱ ዘመን እስከ 60 ሺህ ይገመት የነበረው ጦር በ1858 ዓ.ም አካባቢ ወደ 10 ሺህ ወርዶ ነበር።

ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መንገዱንም እየጠረጉ ለወራት ተጉዘው መቅደላ ደረሱ። በዚያ ጉዞ ድንጋይ የፈነቀለውና ገመድ የሳበው፣ ብዙ የተባለለት ሠራዊት ቅሪት ነበር።

በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ ይህ ቅሪት ከሮበርት ናፒዬር ጦር ጋር አሮጌ ላይ ተጋጠመ። የእንግሊዞቹ ፈጣን ጠመንጃና ሮኬት ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎችን ሲገድል፣ ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬም ከወደቁት አንዱ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ ተከታዮቻቸውን መሄድ የፈለገ ይሂድ ብለው አሰናበቱ። አብዛኛው ወታደር መሣሪያውን አስረክቦ ከአምባው ወረደ። ጥቂቶች ግን ደመወዝም ምርኮም በማይጠበቅበት ሰዓት ከጌታቸው ጋር ቀሩ፤ የእንግሊዝ ወታደሮች የአምባውን በር ሰብረው ሲገቡ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን ሠውተው ነበር።