የተረት ሴቶችን በርኅራኄ የሣለች ሠዓሊ

በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ የአውሮፓ ሠዓልያን የጥንት ግሪኮችን ተረት መነሻ እያደረጉ ሴቶችን ይሥሉ ነበር። በሥዕሎቻቸው ላይ ሴቲቱ አንድም ወንድን የምታጠፋ አስማተኛ፥ አንድም ለመታየት ብቻ የተፈጠረች ውብ ናት። ሠዓልያኑም አብዛኛዎቹ ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔታችን፥ ያንኑ ተረት በሌላ ዓይን ያየችውን የእንግሊዛዊቷን የኤቭሊን ዴ ሞርጋንን ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ኤቭሊን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1855 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደች። ቤተ ሰቦቿ ሥዕል ለጨዋ ልጅ ሙያ አይሆንም ብለው ቢቃወሙም እርስዋ አልተበገረችም፤ በ1873 ስሌድ ከተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። የመጀመሪያ ስሟ ሜሪ ሲሆን፥ ሥራዋ በሴትነቷ እንዳይመዘን፥ ያን ጊዜ ለወንድም ለሴትም ይሰጥ በነበረው በሁለተኛው ስሟ መጠራትን መረጠች።

ሜዴያ በተረቱ ባሏ ሌላ ሊያገባ ሲተዋት የገዛ ልጆቿን የገደለች ሴት ናት። ሌሎች ሠዓልያን በቁጣ ያበደች አድርገው ሲሥሏት፥ ኤቭሊን በ1889 የሣለቻት ሜዴያ ግን የመርዙን ብልቃጥ ይዛ በሐዘን ብቻዋን ትራመዳለች። በ1898 ደግሞ ካሳንድራን ሣለች። ካሳንድራ የሚመጣውን ጥፋት አስቀድማ ብትናገርም የሚያምናት ያጣች የትሮይ ንጉሥ ልጅ ናት። በሥዕሉ ላይ ከተማዋ ከኋላዋ ስትነድ ጠጕሯን ይዛ ቆማለች።

ኤቭሊን በ1887 የሸክላ ጥበብ ሠሪውን ዊልያም ዴ ሞርጋንን አገባች። የባሏ ሥራ ኪሣራ በገጠመው ጊዜ ከሥዕሎቿ ሽያጭ ባገኘችው ገንዘብ ትደግፈው ነበር። በ1889 ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጣቸው በሚጠይቀው ጽሑፍ ላይ ፈረመች። በ1918 በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ለሆነ ብዙ ሴቶች ይኸው መብት ሲፈቀድ ለማየት በቃች፤ በ1919 ዓ.ም. ዐረፈች። ከሥዕሎቿም ብዙዎቹን እኅቷ ሰብስባ ስላቆየቻቸው ለዛሬ ደርሰዋል።

እኛ ተማሪዎች ከዚህች ሴት የምንማረው፥ ሁሉ የሚያውቀውን ተረት እንኳ እንደ ሰማነው ከመቀበል ይልቅ በደሉ የደረሰባትን ሴት ሐዘን ጭምር መመርመር እንደሚገባን ነው።