የእናታችን የኡሙ ሰለማ ዱዓ

አንባቢ ሆይ! አላህን ስትለምን መልሱ የዘገየብህ ጊዜ ልመናህ ያልተሰማ ይመስልሃል። እንግዲህ የምእመናን እናት የኡሙ ሰለማን ታሪክ አድምጥ፤ አላህ ይውደዳቸው። ስማቸው ሂንድ ሲሆን፥ ከቁረይሽ የመኽዙም ጎሳ ተወላጅ ናቸው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ የመካ ሰዎች ሙስሊሞችን ባስጨነቁ ጊዜ፥ ከባላቸው ከአቡ ሰለማ ጋር ባሕር ተሻግረው ወደዚህች ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደዱ፤ በነጃሺም ጥላ ሥር በሰላም ሰገዱ።

ወደ መካ ከተመለሱ በኋላ ግን መከራው ባሰ። አቡ ሰለማ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ መዲና ሊሄዱ ሲነሡ፥ የሚስቲቱ ዘመዶች ኡሙ ሰለማን አስቀሩ፤ የባልየው ዘመዶች ደግሞ ሕፃኑን ሰለማን ሲጎትቱ ክንዱን አወለቁት። ባል መዲና፥ ልጅ ከአባቱ ወገን፥ እናትም ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ዓመት ያህል በየማለዳው አብጠሕ ወደሚባለው ስፍራ እየወጡ እስኪመሽ ያለቅሱ ነበር። በመጨረሻ ከዘመዶቻቸው አንዱ አዘነላቸውና ተለቀቁ፤ ልጃቸውንም ታቅፈው በግመል ብቻቸውን መንገድ ጀመሩ። ተንዒም ላይ ያገኛቸው ዑስማን ኢብን ጠልሐ ያን ጊዜ ገና ያልሰለመ ሰው ነበር፤ ሆኖም ግመሉን እየሳበ በፍጹም ጨዋነት እስከ ቁባእ አደረሳቸው።

ደስታው አልረዘመም። አቡ ሰለማ በ625 በኡሑድ ጦርነት የደረሰባቸው ቁስል አመርቅዞ ሞቱ። ኡሙ ሰለማም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈውን ዱዓ አደረሱ፤ አላህ በመከራቸው ምንዳ እንዲሰጣቸው፥ ካጡትም የተሻለ እንዲተካላቸው ለመኑ። እዚህ ላይ ቆም በል፤ አፋቸው ይህን ሲለምን፥ ልባቸው ከአቡ ሰለማ የሚሻል ማን ይገኛል እያለ ይጠይቅ ነበር። መልሱ ከየት እንደሚመጣ ሳይታያቸው ለመኑ። (በዐረብኛው ምሳሌው የተምር ዛፍ ነው፤ ለሚዛን ተፈሪና ለቴፒ አንባቢ ግን ቡና ይቀርበዋል። ችግኙን ተክለህ ሦስትና አራት ዓመት ፍሬ ሳታይ ታርመዋለህ እንጂ አትነቅለውም።)

ዒዳቸው ሲፈጸም አቡበክር ለጋብቻ ጠየቋቸው፥ ዑመርም ጠየቋቸው፤ እሺ አላሉም። ኋላ ነቢዩ ራሳቸው ላኩባቸው። ኡሙ ሰለማም ቀናተኛ መሆናቸውን፥ ዕድሜያቸው መግፋቱን፥ የቲሞች ማሳደጋቸውን አመለከቱ። ነቢዩም ቅናቱን አላህ እንዲያስወግድላቸው እንደሚለምኑ፥ በዕድሜ እርሳቸው እንደሚበልጡ፥ ለልጆቹም አላህና መልእክተኛው እንዳሉላቸው መለሱ። የቲሞቹም በነቢዩ ቤት አደጉ። ከእነርሱ አንዱ ዑመር በገበታ ላይ እጁ ወዲያና ወዲህ ሲል፥ ቢስሚላህ ብሎ በቀኝ እጁ ከፊቱ እንዲበላ ነቢዩ ያስተማሩት ያ ልጅ ነው፤ አንተም ይህንኑ ሥርዐት በቤትህ ለልጆችህ ታስተምራለህ።