ኧርነስት ፕራይስ

ኧርነስት ፕራይስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአፍሪካ የሠሩ ብሪታኒያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ተመራማሪ ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ገበሬዎችን የሚያጠቃው የዝሆኔ በሽታ መነሻው ትል ሳይሆን አፈር መሆኑን በማስረዳታቸውና በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ብለው በመሰየማቸው ነው። በሽታው በብዛት ከሚገኝባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ወላይታ ነው።

የቀድሞ ሥራ

ፕራይስ ስለ ዝሆኔ ማጥናት ከመጀመራቸው በፊት በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ሠርተዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥጋ ደዌ በያዛቸው ሰዎች የውስጥ እግር ላይ ስለሚወጣው ቁስል ጽፈዋል። በኢትዮጵያ ዋና የምርምር ጉዳያቸው የሆነው ግን የእግር እብጠት ነው።

ትል ወይስ አፈር

በብዙ የዓለም ክፍሎች ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ የፊላሪያ ትል ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚታየው ግን ከዚህ ይለያል። እብጠቱ ከእግር ጣቶችና ከውስጥ እግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። ትሉን የሚያስተላልፉት ትንኞችም በደጋው ብርድ እምብዛም አይራቡም።

አፈሩን የጠረጠሩት ፕራይስ ብቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1960 ኮኸን የተባለ ሐኪም በኢትዮጵያና በኬንያ ያለውን እብጠት ከቀይ አፈር ጋር አያይዞት ነበር። በ1969 ደግሞ ኦመን የተባለ ተመራማሪ በየገበያው እየተዘዋወረ ሕሙማንን በመቁጠር በሽታው በምን ያህል ስፋት እንዳለ አሳየ። ፕራይስ የበሽታውን ስርጭት ከአፈሩ ዓይነት፣ ከከፍታውና ከዝናቡ ጋር አነጻጸሩ። በሽታው የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባለበት ቦታ መሆኑን ለዩ። ይህንኑ ግንኙነት በኬንያ፣ በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲና በካሜሩን ጭምር ተከታትለዋል።

የጋራ ምርምር

ይህ ጥያቄ በአንድ ሐኪም ብቻ የሚመለስ አልነበረም። ፕራይስ ከአፈርና ከማዕድን አጥኚዎች፣ ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባለሙያዎችም ጋር ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሄንደርሰን ጋር ባሳተሙት ጥናት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ የአፈር ማዕድናት መኖራቸውን አሳይተዋል። በዚህ ግኝት መሠረት ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው በሊምፍ ቧንቧዎች ይከማቻሉ፤ ቧንቧው ይቆጣል፣ ይጠብባል፣ በመጨረሻም ይዘጋል፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል።

በአንድ አፈር ላይ አብረው ከሚያርሱ ሰዎች መካከል የሚታመሙት ጥቂቶች ብቻ መሆናቸው ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ፕራይስ የሕሙማንን የዘር ሐረግ በማጥናት በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ እንደሚበረታ ተመለከቱና የዘር ተጋላጭነት ሊኖር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1972 ጻፉ።

ስሙና መጽሐፉ

እ.ኤ.አ. በ1988 ፕራይስ በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አሉት። ቃሉ እግርና ትቢያ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ስሙ ለውጥ አመጣ፤ ቀድሞ በሽታው የሚጠራው ፊላሪያ ያልሆነ ዝሆኔ ተብሎ ነበር፤ ማለትም ባልሆነው ነገር። አዲሱ ስም መንስኤውን ይናገራል፣ መከላከያውንም ይጠቁማል፤ እርሱም ጫማ ነው። በ1990 ስለ በሽታው የጻፉት መጽሐፍ ታትሟል።

በወላይታ የቀጠለው ሥራ

ፕራይስ ካለፉ በኋላ ሥራቸው ከቀጠለባቸው ቦታዎች ዋነኛው የወላይታ ዞን ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሁምቦም የዚሁ ዞን ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ ሐኪሙ ናታን ባርሎ የሞሲ ፉት ፕሮጀክትን አቋቋሙ። ፕሮጀክቱ ሕሙማን እግራቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ቅባት እንዲቀቡና ጫማ እንዲያደርጉ ያስተምራል፤ ከሠራተኞቹ መካከል ራሳቸው በሽታው ያለባቸው ይገኙበታል። በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰዎች ከ5 በላይ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳየ። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው ዞኑን በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ ገመተ። በ2012 በወላይታ ሕሙማን ላይ የተደረገ የዘር ምርምር ፕራይስ ከ40 ዓመት በፊት የጠረጠሩትን የዘር ተጋላጭነት አረጋገጠ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ፖዶኮኒዮሲስን ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል አስገብቶታል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም ሕሙማኑ እስከ ዛሬ በትዳር፣ በትምህርት ቤትና በማኅበራዊ ኑሮ መገለል ይደርስባቸዋል።