ማካሬንኮ፤ በእምነት ያስተማረ መምህር

የአንድ ኅብረተሰብ የነገ ዕጣ ዛሬ ለሕፃናቱ በሚሰጠው አያያዝ ይለካል። ከዚህ አኳያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአስተዳደግ ጥያቄ በመላው አውሮፓ የጦፈ ክርክር ማስነሣቱ አያስደንቅም። አንዳንዶች ሕፃን በተፈጥሮው መልካም ስለሆነ በነጻ ይተው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ የአእምሮውን መጠን በፈተና ለክተው ዕጣውን አስቀድመው ይወስኑ ነበር። አንቶን ሴሚዮኖቪች ማካሬንኮ ሁለቱንም ወገኖች በሥራ የሞገተ መምህር ነው።

ማካሬንኮ እ.ኤ.አ. በ1888 በዛሬይቱ ዩክሬን በቤሎፖልዬ ከተማ ተወለደ። አባቱ በምድር ባቡር ጥገና ፋብሪካ ቀለም ቀቢ ነበር። በ1905 በክሪዩኮቭ በባቡር ሠራተኞች ልጆች ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ በ1917 ከፖልታቫ የመምህራን ኢንስቲትዩት በወርቅ ሜዳይ ተመረቀ።

ዓለም አቀፉ ጦርነትና እርሱን የተከተለው የርስ በርስ ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናትን ያለ መጠጊያ አስቀርተው ነበር። በ1920 በፖልታቫ አጠገብ የወጣት ጥፋተኞች ኮሎኒ እንዲያቋቁም ኃላፊነቱ ለማካሬንኮ ተሰጠ። ኮሎኒው በኋላ በጎርኪ ስም ተጠራ። የመጡት ወጣቶች ሌብነትና ዘረፋ የለመዱ፣ የመምህሩን ቃል ከቁም ነገር የማይቆጥሩ ነበሩ። አንድ ቀን በንዴት ከመካከላቸው አንዱን መታ። ይህን ግን የማስተማሪያ ዘዴ ነው ብሎ አላቀረበም፤ በመጽሐፉ የራሱ ሽንፈት መሆኑን ሳይሸሽግ ተርኮታል።

ከዚያ በኋላ የያዘው መንገድ ሌላ ነበር። የልጆቹን የወንጀል መዝገብ ላለማንበብ ወሰነ። በመጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በዘረፋ ይታወቅ የነበረን ወጣት ፈረስና ሽጉጥ ሰጥቶ 500 ሩብል ከከተማ እንዲያመጣ ላከው። ወጣቱ ገንዘቡን አምጥቶ ይቆጠር ሲል፣ ማካሬንኮ ሳይቆጥር መሳቢያ ውስጥ ጣለው። ጥቂት ቆይቶም 2,000 ሩብል እንዲያመጣ ላከው። ከመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ጀርባ ያለው ሴሚዮን ካላባሊን በኋላ ራሱ መምህርና የሕፃናት ማሳደጊያ ኃላፊ ሆኗል።

ሆኖም እምነት ብቻውን በቂ አልነበረም። ልጆቹ በቡድን ተደራጅተው እርሻውንና የዕለት ሥራውን ይመሩ ነበር፤ ዛሬ ያዘዘ ነገ ይታዘዛል። የቡድን አዛዦች ሸንጎም በጋራ ጉዳይ ይወስን ነበር። በ1926 ወደ 120 የሚሆኑት ልጆች በካርኮቭ አጠገብ ወደምትገኘው ኩርያዥ ተዛውረው፣ በቸልተኝነት የተጣሉ 280 ያህል ሕፃናትን ወደ ሕይወታቸው ሥርዓት ማስገባት ቻሉ።

በዘመኑ የትምህርት ባለ ሥልጣናት ግን አሠራሩን ወታደራዊ ነው በማለት ስለነቀፉት በ1928 ከጎርኪ ኮሎኒ ለቀቀ። ቀድሞ ሥራ በጀመረበት በድዘርዢንስኪ ኮሙን ግን ወጣቶቹ ከትምህርታቸው ጎን ለጎን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያና ፌድ የተባለውን የፎቶግራፍ ካሜራ ያመርቱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት መሸሸግ አይገባንም። ኮሙኑ የሚተዳደረው በጸጥታው መሥሪያ ቤት ነበር፤ ያ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ1930ዎቹ ዓመታት እጅግ ብዙ ንጹሐንን ለሞትና ለግዞት ዳርጓል። በመሆኑም የጋራ ሥርዓት፣ ሰውን ከማክበር ከተነጠለ፣ ታዛዥ ብቻ ማፍሪያ ሊሆን እንደሚችል ልብ ልንል ይገባል። ማካሬንኮ ከልጁ ብዙ የጠየቀው ልጁን እጅግ ስላከበረ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚወስድ ሁሉ ዘዴውን አልተረዳም።

ከ1933 እስከ 1935 የትምህርት ተግባር ግጥም የተሰኘውን መጽሐፉን ያሳተመው ማካሬንኮ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1939 በ51 ዓመቱ በባቡር ውስጥ ሳለ በልብ ሕመም ዐረፈ። ኖሮበት የነበረው መንግሥትም በ1991 ፈርሷል። ጥያቄው ግን ዛሬም በየመማሪያ ክፍሉ አለ፦ በፊታችን የሚቆመውን ልጅ ትናንት በተጻፈበት መዝገብ እንመዝነው፣ ወይስ ነገ ሊሸከመው በሚችለው ኃላፊነት?